ቀን ዓሣ የማያጠምደው ወንድምህ

ካሪ ሐይቅ፣ በመስከረም መጀመሪያ

ውድ ቬይኮ፣

አንተና እኔ አንተዋወቅም። በሕይወት ብንገናኝ ኖሮ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ነህና አንቱ እልህ ነበር። ግን አንተ በሃያ ሦስት ዓመትህ ቀረህ፣ እኔ ደግሞ አረጀሁ፤ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶግራፍህ ጋር ስንተያይ የልጅ ልጄን ትመስለኛለህ። ስለዚህ አንተ ብልህ ቅር አይበልህ።

ሂልያ እባላለሁ። የታናሽ ወንድምህ የአርማስ ሚስት ነኝ። አርማስ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አረፈ። ነገ አንተና እናታችሁ አጠገብ እንቀብረዋለን። እንግዲህ ወደ አንተ እየመጣ ነው ማለት ነው። ጸባዩን አውቀዋለሁ፤ ዝም ብሎ ይቆማል እንጂ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ከሱ ቀድሜ እኔ ልንገርህ ብዬ ነው ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት። ልጃችን ኤሊና ማድ ቤት ሆና ለነገ እንግዶች የአጃ ዳቦ እየቆረጠች ነው። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም።

አንተ የምታውቀው እስከዚያች የግንቦት ቅዳሜ ድረስ ነው። ዋልአይ የሚባለው ዓሣ ማጥመጃ ወቅት የሚከፈትበት ቀን ነበር። ከተማው በሙሉ ወደ ሐይቁ ሲወርድ አርማስ የቀን ተራ ነበረበት። አንተ በሱ ፈንታ ማዕድን ጉድጓዱ ገባህ፣ እሱ መንጠቆውን ይዞ ወደ ውኃው ሄደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተ አላየኸውም።

ቀትር ነበር አለኝ። ሰማዩ ጠርቷል፣ ከዳር እስከ ዳር ፀሐይ ነው። መንጠቆው ላይ ከባድ ዓሣ ይዞ ሲጎትት የጉድጓዱ ጡሩምባ ተነፋ። ያለ ሰዓቱ የተነፋ ጡሩምባ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል። አርማስ ክሩን በጥርሱ በጥሶ ወደ ዳር ቀዘፈ፤ ከዚያ እስከ ቤታችሁ ድረስ ሮጠ። በሩን ሲከፍት ቤቱ በጎረቤት ተሞልቶ እናታችሁ ፊና መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። የተራው መዝገብ ላይ ያለው የሱ ስም ነበርና መርዶው የተነገራት በአርማስ ስም ነው። ድንጋይ ተንዶ አርማስን በላው ብለዋታል። ልጇን በር ላይ ቆሞ ስታየው ፊቷ በራ። ተነሥታ ሁለት እጇን ዘረጋች። ከዚያ እጇ አየር ላይ እንዳለ ቀረና፣

«ታዲያ የሞተው ማነው?» አለች።

ወንድምህ ብዙ ነገር ረስቷል፤ የሠርጋችንን ቀን እንኳ በየዓመቱ የማስታውሰው እኔ ነበርኩ። ያንን ጥያቄና ያንን የተዘረጋ እጅ ግን እስከ መጨረሻው አልረሳም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን ጀልባ ላይ አልወጣም። ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ እምቢ አለው። ዓይኑን ሲጨፍን ድንጋዩን ይሰማዋል። አልጋው ላይ ከመገላበጥ ብሎ ሌሊት ሌሊት ሐይቁ ላይ ማደር ጀመረ።

እኔ የመጣሁት ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። ከደቡብ፣ ከእርሻ አገር ነኝ፤ ሐይቁ ዳር ባለው የእንግዶች ማረፊያ ምግብ አብሳይ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጠዋት ጠዋት ሥራ እስኪጀመር ዓሣ ማጥመድ ወደድኩና ሽማግሌው ካሌ ጋ ሄጄ ጀልባ አከራየኝ አልኩት። ካሌን አንተም ታውቀዋለህ፤ ያኔም ሽማግሌ ነበር አሉ።

«አንዲት ጀልባ አለችኝ» አለኝ። «ችግሩ ባሏ ሌላ ነው። ቀን ላንቺ ትሁን። ሌሊት የአንድ ጉጉት ናት።»

«የምን ጉጉት?»

«ሰው ነው መሰለኝ። ከተማው ውስጥ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ውር ሲል አየዋለሁ፣ ፊቱን ግን በብርሃን አሳይቶኝ አያውቅም።»

እንደዚህ ነው የአንድ ጀልባ ተካፋይ የሆንነው። እሱ ሲነጋጋ ይመልሳታል፣ እኔ ፀሐይ ስትወጣ እወስዳታለሁ። ሳንተያይ መጣላት ጀመርን። መቀመጫው ሁልጊዜ ርጥብ ነው፣ የዓሣ ቅርፊት በየቦታው ተለጥፏል።

«አባባ ካሌ፣ ለዚያ ጉጉትህ ጀልባ እንደሚታጠብ ንገርልኝ» አልኩት።

በማግሥቱ ካሌ ከጎጆው በር ላይ ሆኖ እየሳቀ ጠበቀኝ። «ነግሬዋለሁ። ‹በጠራራ ፀሐይ ዋልአይ የምትፈልግ ሴት መጀመሪያ ጭንቅላቷን ትታጠብ› ብሎሻል።»

«እንደዚህ አለ? በዚሁ አፉ?»

«ትንሽ አሳምሬው ይሆናል።»

እኔ ልተወው ነው? «ንገረው» አልኩ፣ «ትናንት በቀን ስድስት ይዣለሁ። ደመና ነበር፣ ነፋስ ውኃውን ያንቀጠቅጠው ነበር። መንጠቆዬ ላይ አልቅት ሰክቼ ጥልቁ ድረስ አወረድኩና ቀስ እያልኩ ጎተትኩ። ዋልአይ በቀን አይበላም ያለው ማነው?»

መልሱ በማግሥቱ መጣ። «‹ስድስቱም ዕውሮች ነበሩ› ብሎሻል።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ ቬይኮ። ያን ቀን ማድ ቤት ውስጥ ድንች ስልጥ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ስመጣ ጀልባዋ ታጥባ ማግኘት ጀመርኩ። አንድ ቀን ከመቀመጫው ሥር በጣሳ የተያዘ ትኩስ አልቅት ተቀምጦልኝ አገኘሁ። እኔም ስመልሳት ግማሽ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልዬ እተውለት ጀመር። ለካሌ ግን አንዳችንም አልነገርነውም፤ እሱ ስድቡን ማመላለሱን ቀጠለ።

ሞቃቶቹ ወራት አልቀው እንግዶቹ ሄዱ፤ አሁን እኔም ከሥራ በኋላ ከሰዓቱን መውጣት ቻልኩ። አንድ ምሽት መመለስ ሲገባኝ ቆየሁ። ነፋሱ ቆሞ ፀሐይዋ ከጥዶቹ ኋላ ገባች፤ ውኃው ወይን ጠጅ መሰለ። ቀንም ያልሆነ ሌሊትም ያልሆነ ሰዓት ነው። ዓሦቹ ከጥልቁ ተነሡና ባንድ ጊዜ ዙሪያዬን ሞሉት። ደጋግሜ ስጎትት፣ ስጎትት፣ ቀና ስል ዳሩ የለም። ጉም ወርዷል። ሞተሩን አስነሥቼ ትንሽ እንደሄድኩ ከድንጋይ ጋር ተላተመና ጠፋ። መቅዘፊያ አነሣሁ፤ ግን ወዴት ልቅዘፍ? ከዚያ ጨለመ።

እኔ የማውቀው ጨለማ የጎተራ ጨለማ ነው፤ እጅህን ብትዘረጋ ግድግዳ አለው። ይኼኛው ግድግዳ የለውም። ከላይም ጉም፣ ከሥርም ውኃ፣ በመካከሉ እኔ። የሐይቁ ወፍ ሉን ከሩቅ እንደ ሰው ስትጮህ እኔም መጮህ ፈለግሁና ድምፅ አጣሁ።

በዚያኛው ወገን ወንድምህ እንደ ልማዱ ወደ ጀልባ ማሰሪያው ሲወርድ ጀልባዋ የለችም። ካሌ ፋኖስ ይዞ ቆሟል። «ልጅቷ አልተመለሰችም» አለው። አርማስ ፋኖሱን ተቀበለውና ለማገዶ የተተወችውን የካሌን አሮጌ ጀልባ ገፍቶ ገባ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከጉሙ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«ማነሽ?»

«እኔ ነኝ!» አልኩ።

«እሱንማ እኔም እኔ ነኝ። የቀኗ ልጅ ነሽ?»

«አንተስ ጉጉቱ ነህ?»

 መቅዘፊያው ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። «ካሌ እንደዚህ ነው የሚጠራኝ?»

«ትንሽ... አሳምሬው ይሆናል።»

ሲስቅ ሰማሁት። «አትቅዘፊ። ዝም ብለሽ የሆነ ነገር አንኳኪ።»

በውኃ መጭለፊያው ጣሳ የጀልባዋን ጎን መታሁ፣ መታሁ። ከጉሙ ውስጥ አንድ እጅ ብቻውን ወጣና ጠርዙን ያዘ። ከወንድምህ መጀመሪያ ያወቅሁት ያንን እጅ ነው።

«ወደ ዳር ውሰደኝ» አልኩት።

«በዚህ ጉም እኔም ዳሩን አላገኘውም። ያለነው ውኃው ውስጥ ካለው ቋጥኝ በላይ ነው፤ መልሕቅ ጥለን እናድራለን።»

«እናድራለን?»

«ካልሽ ራቅ ብዬ አድራለሁ።»

«አትሂድ!» አልኩ። በጣም ፈጥኜ ነው ያልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅር ካላለሽ... ይቺ የካሌ ጀልባ ውኃ እየገባባት ነው። ወደ አንቺ ብሻገር?»

«ምን ታስፈቅደኛለህ፤ በሌሊት ያንተ ናት» አልኩት።

ተሻግሮ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ፊቱ አይታየኝም። እኔ ስንቀጠቀጥ ሰምቶ ነው መሰለኝ መንጠቆውን እጄ ላይ አስቀመጠልኝና፣ «ፍርሃት ሥራ ሲይዝ ይቀንሳል» አለኝ። «እዚህ ጥልቀት የለም፤ ሩቅ አትጣይው። በቀን አንቺ ወደ እነሱ ትወርጃለሽ። በሌሊት ግን እነሱ ናቸው ወደ አንቺ የሚወጡት።» ጠፍቶ የነበረውን የካሌን ፋኖስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለኮሰና ከጀልባዋ ጠርዝ አሳልፎ ወደ ውኃው ዝቅ አደረገው። ቬይኮ፣ ከጀልባዋ ሥር ሁሉ የዓሦች ዓይን ነበር። ጥንድ ጥንድ ፍም። ቀስ ብለው ከድንጋዩ በላይ ያልፋሉ፣ ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ። የጉሙና የውኃው ድንበር ጠፍቶብኝ እኛም ከነሱ ጋር የምንዋኝ መሰለኝ። ፋኖሱን ሲያጠፋው ሁሉም ባንዴ ጠፉ፤ እዚያ መሆናቸውን ግን አውቃለሁ። መፍራቴን ረሳሁት።

«እና በቀን ለምን አትወጣም?» አልኩት። ለነገር አልነበረም፤ የስድባችን ቀጣይ መስሎኝ ነው።

ያኔ ነው ስለ አንተ የነገረኝ። ጡሩምባውን፣ የበጠሰውን ክር፣ የእናታችሁን እጅ። «እኔ ነኝ የለመንኩት» አለኝ። «ማታውን ሙሉ ስለምነው አመሸሁ። ቬይኮ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ቀን ብቻ እያልኩ።» ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። ፊቴን ስላላየ ይመስለኛል የነገረኝ። ድምፁ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተቋረጠ። እያለቀሰ ነው ብዬ ልቤ ተሰበረ። ቆይቼ ሳዳምጥ እያንኮራፋ ነው!

የጀልባዋ ጎን ላይ ተደግፎ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ከሞትክ ጀምሮ ሌሊት ሲተኛ ያች የመጀመሪያዋ ነበረች። ይዞት የመጣውን ብርድ ልብስ አለበስኩትና የመልሕቁ ገመድ እንዳይፈታ በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ጨለማ የምፈራው እኔ፣ ዘብ ቆሜ አደርኩ። ቢነቃ እንደገና የማይተኛ መስሎኝ፣ ዓሣ ሲጎትተኝ እንኳ መንጠቆዬን አላነሣሁም።

ጉሙ ወደ ነጭነት ሲለወጥ ቀስ በቀስ ፊቱ ወጣ። መጀመሪያ አፍንጫው፣ ከዚያ ጢሙ። ጉጉት አይመስልም ነበር።

ካሌ ከዳር ሆኖ ሲጣራ ነው የነቃው። «ሁለታችሁም አላችሁ?»

አርማስ ብርሃኑን አየና ደነገጠ። «ነግቷል እንዴ?» ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ድረስ ተከናነበ። ተነሥ አላልኩትም። እንደተከናነበ ቀዝፌ ወሰድኩት። ጀልባ ማሰሪያው ላይ ካሌ አንዴ እኔን አንዴ ብርድ ልብሱን እያየ፣ «እና ዛሬ ጀልባዋ የማን ተራ ናት?» አለ።

በገና ሰሞን ተጋባን።

ጥሩ ባል ነበር። ይኼንን እወቅልኝ። ጉድጓዱ ሲዘጋ አናጢ ሆነ፤ ጀልባ ይሠራ ነበር። ከኔ አጠገብ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር፤ ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ይወስደው ነበር። ሌሊት ስንወጣ በቀን የሚያጠምዱትን ያማል፣ እኔ የሌሊቶቹን አማለሁ፤ ዓሣው ሾርባ ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ የቱን ማን እንደያዘው እንከራከራለን። በቀን ግን እግሩን ጀልባ ውስጥ አላስገባም። ኤሊናን በቀን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ፤ እሱ ዳር ቆሞ ይጠብቀናል፣ እስክንመለስ አይቀመጥም። ኤሊና ስምንት ዓመት የሞላት ቀን፣ «አባዬ፣ ዛሬ ለኔ ብለህ» ብላ እጁን ይዛ ጎተተችው። ጀልባ ማሰሪያው ድረስ ሄደላት። አንድ እግሩን አነሣ። ከዚያ ፊቱ ዐመድ መሰለና ወደ ኋላ ተመለሰ። ልጅቷ አለቀሰች። ማታ፣ «ምን ነካህ? ልጅ ናት እኮ» ስለው፣

«ሂልያ፣ እኔ በቀን ስወጣ ሰው ይሞታል» አለኝ።

እናታችሁ ሳታርፍ በፊት አንድ ነገር ነግራዋለች። አልጋዋ ላይ ሆና፣ «አንተ ለመንኩት ትላለህ። እኔ ሊጥ እያቦካሁ እሰማችሁ ነበር» አለችው። «ቬይኮ ነው ‹ሂድልኝ ባክህ፣ ስለ ዓሣ ስታወራ ከምሰማህ ጉድጓድ ብገባ ይሻለኛል› ያለው። እሱ ነው የገፋህ።» አርማስ እጇን ሳመና ወጣ። በመንገድ ላይ፣ «ለኔ ብላ ነው» አለኝ። «እናት አይደለችም?»  እናታችሁ ዋሽታ ይሁን እውነቷን ይሁን፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበራችሁት አሁን የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ።

ዘንድሮ ሳንባው ደከመ። ሐኪሟ ሌሊት ብርድ እንዳይነካው ብላ ከሐይቁ ከለከለችው። በሐምሌ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «ሂልያ፣ ዛሬ በቀን እንውጣ» አለኝ።

የሰማሁት ልክ አልመሰለኝም። «በቀን?»

«በቀን።»

«አትፈራም?»

«ከእንግዲህ ምን እፈራለሁ?» አለ። «የሚሞተው ማን እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ።» ሲናገረው ፊቱ ላይ ኀዘን አልነበረም። ሸክም እንዳወረደ ሰው ነበር።

ኤሊና መጥታ ደግፈን አስገባነው። ገና ከዳር እንደራቅን ጠርዙን ግጥም አድርጎ ያዘ፤ ወደ ማዕድኑ አቅጣጫ ጆሮውን ሰጥቶ ቆየ። ጡሩምባው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ምንም አልተነፋም። ዳር ላይ ሰዎች ልብስ ያሰጣሉ፣ ውሻ ይጮኻል። ቋጥኙ ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁና ወደ ታች እይ አልኩት። ጎንበስ አለ።

ቬይኮ፣ ወንድምህ ያንን ቋጥኝ ዕድሜውን ሙሉ በጨለማ በእጁና በመንጠቆው ያውቀዋል። ከወጣትነቱ በስተቀር በዓይኑ አላየውም። ፀሐይዋ እስከ ወለሉ ድረስ ገብታለች። «ቀይ ነው!» አለ። «ኤሊና፣ ነይ እዪ፣ ድንጋዩ ቀይ ነው! ረስቼው ነበር!» አረንጓዴ ሣሩን፣ ቢጫ አሸዋውን፣ የራሱን ጥላ ሳይቀር ጠራልን። እንደ ሕፃን ነበር የሚያመለክተው። ኤሊና ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች፤ ስንት ዓመት የጠበቀችው የልደቷ ቀን ነበር።

መንጠቆ ጣልን፤ አንድም ዓሣ አልያዝንም። ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋስ የለም፣ ዋልአይ በእንዲህ ያለ ቀን ጥልቁ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚውለው። «አላልኩሽም?» አለኝ ደስ ብሎት። «ስንት ዘመን ነው የነገርኩሽ!» ባዶ እጃችንን ተመለስን። ከዚያ በኋላ አቅም ባለው ቀን ሁሉ በቀን እንወጣ ነበር፤ ማክሰኞም ልንወጣ አስበን ነበር። ቁርሱን በላ፣ ትንሽ ልረፍ አለ፣ መስኮቱን አስከፈተኝ። ከሰዓት ላይ ገብቼ ሳየው ሄዷል።

እንግዲህ የምለምንህ ይኼ ነው። አንተ ታላቁ ነህና፣ እሱ እስኪናገር አትጠብቅ። ለምኖህ ከሆነም እንዳልተቀየምከው ንገረው፤ አንተ ገፍተኸው ከሆነም እናታችን አልዋሸችም በለው። በግራ ጆሮው አይሰማምና በቀኙ በኩል ቁም። ስለ ዓሣ ካነሣብህ ታገሠው፤ እኔም የታገሥኩት በፍቅር ነው።

እኔ ገና ነኝ። በረዶው ሳይወርድ ጀልባዋን ማስገባት አለብኝ፣ ኤሊናም ለብቻዋ እንዳትሆን እፈልጋለሁ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ብቻ ቀርቷል። እሱ አንተን ወዲያው ያውቅሃል፤ አንተ አልተለወጥክም። አንተ ግን የምትጠብቀው የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ስለዚህ ፀጉሩ የነጣ፣ ትከሻው የጎበጠ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ራቅ ብሎ የቆመ አንድ ሽማግሌ ካየህ፣ እንዳታልፈው። ቀድመህ በስሙ ጥራው። ታናሽ ወንድምህ ነው።

የአርማስ ሚስት፣
ሂልያ